ከአጥሩ ወዲህ

«አሁንም ይታየኛል» አለች ሙሉሃብት ከቤት ውስጥ።

የትናየት አጠናውን እንዳቀፈች ዘወር አለች። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ከእህቷ የሚታየው የነጠላዋ ጫፍ ብቻ ነው።

«ምኑ ነው የሚታይሽ?»

«መንገዱ። አሁን አንድ ሰውዬ አህያ እየነዳ አለፈ። ጥቁር ጃንጥላ ይዟል።»

«እሱማ ሰውዬው ረጅም ሆኖ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ካየሁት እሱም ያየኛል። ትንሽ ወደ ግራ አድርጊው።»

የትናየት አጠናውን አጋድማ ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረች። የላሊበላ መሬት ከስንዝር በታች ድንጋይ ነው። ዶማው ባረፈ ቁጥር እጇ እስከ ትከሻዋ ይነዝራታል። ከትምህርት ቤት ከተመለሰች ጀምሮ ቀና አላለችም፤ የደንብ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

ቤታቸው ወደ ገበያ ከሚወርደው መንገድ ሥር ነው። መንገዱ ከግቢው ከፍ ስለሚል አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቁልቁል ያያቸዋል። ድሮ ግቢው በአጠናና በሰንሰል ታጥሮ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ማገዶም ሲታጣ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዳደረገው እነሱም አጥራቸውን እየነቀሉ አነደዱት። ከዚያ ወዲህ አጥር ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ልብስ ሲያሰጡ፣ እህል ሲያበጥሩ፣ እግር ሲታጠቡ መንገደኛው ሰላም ብሎ ያልፋል፤ እነሱም ሰላም ይላሉ። የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውም።

ሙሉሃብት የመጣችው ከጥምቀት ማግስት ነው። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ስለነበር ከወልድያ ከመጣው ሚኒባስ ተሸፋፍና ስትወርድ ማንም አላስተዋላትም። ዓረብ አገር ሦስት ዓመት ቆይታለች። ስትሄድ ሳቂታ፣ የሰፈሩን ሴት ልጆች ሁሉ ጸጉር የምትሠራ ልጅ ነበረች። አሁን ከግራ ጆሮዋ እስከ ትከሻዋ ድረስ ቆዳዋ ተጨማዶ ተያይዟል፤ አንገቷን ብቻ ለይታ ማዞር አትችልም። የግራ ዓይኗም ስትተኛ በደንብ አይከደንም። ትሠራበት የነበረው ቤት እመቤት ተናድዳ የደፋችባት የፈላ ዘይት ነው። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ለእናቷ ነገረቻት። የትናየት ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰምታለች። ሙሉሃብት ዳግም አላነሳችውም።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለች እናታቸው ዓይናዲስ ለየትናየት። «ትንሽ ትጠንክር። ሰው ዓይኑ ክፉ ነው።»

አባታቸው ጋሻዬ ከመንገድ አይጠፋም። ድሮ በቅሎውን ለቱሪስት እያከራየ ወደ ተራራ ገዳማት ይወጣ ነበር፤ ቱሪስቱ ሲጠፋ በቅሎዋን ጭኖ በየገበያው መዞር ጀመረ። ከሙጃ ገበያ ገብስ ያመጣል፣ ከዚህ ጨው ይወስዳል። ቤት ውሎ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። ቤት ሲሆንም ሙሉሃብት ካለችበት ጓዳ ፊት ለፊት መቀመጥ አቅቶት ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ሙሉሃብት ግድግዳውን እያየች «አጥር ቢኖረን ውጭ እቀመጥ ነበር» አለች። ከመጣች ጀምሮ የተመኘችው ነገር ይኸው ብቻ ነበር። በሳምንቱ ጋሻዬ አጠናዎቹን በበቅሎ ጭኖ አምጥቶ ግቢው ውስጥ አራገፋቸውና ተመልሶ ወደ መንገዱ ሄደ። መትከሉ ለየትናየት ተረፈ።

ለአጥር የሚሆነውን ቅንጭብ ያገኘችው ከጎረቤታቸው ከመምሬ አራጋው ግቢ ነው። የእሳቸው ቅንጭብ ከቤቱ ጣሪያ በላይ አድጓል፤ ከውጭ ሆኖ ለሚያይ እዚያ ቤት መኖሩም አይታወቅም።

«ወተቱ ዓይንሽ ውስጥ እንዳይገባ» አሏት ቅርንጫፎቹን በማጭድ እየቆረጡ። «ያቃጥላል። ዛሬ አትትከይው፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ሥር አሳድሪው። ውኃም አታብዥበት።»

«መቼ ይደርሳል መምሬ? ሰው እስኪጋርድ ማለቴ ነው።»

«ሁለት ክረምት፣ ሦስት ክረምት።»

የትናየት ፊቷ ሲለዋወጥ አይተው ማጭዱን አስቀመጡ።

«እስከዚያ ምን ላድርግ?»

«እስከዚያማ በጆንያ ጋርጅው፣ ልጄ። ሌላ ምን ይደረጋል።» ለምን እንደፈለገችው አልጠየቋትም። ቅርንጫፎቹን አስረው ራሳቸው አሸከሟት።

*

ትምህርት ቤት ውስጥ የትናየትና ነጅሚያ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ነጅሚያ ገበያው አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የነበራቸው የአብዱልጀባር ልጅ ናት። ልጅ እያሉ ሙሉሃብት ሁለቱንም አጠገብ ላጠገብ አስቀምጣ አንድ ዓይነት ሹሩባ ትሠራቸው ነበር። ስለዚህ ነጅሚያ መጠየቋን አትተውም።

«እትዬ ሙሉ ደወለች?»

የትናየት «ደህና ናት» ብላ ማለፍ ትችል ነበር። እናቷም ያለቻት ይህንኑ ነው። ግን እየጨመረች ሄደች። ጥሩ ቤት ነው የገባችው። ለብቻዋ ክፍል ሰጥተዋታል። ትንንሾቹ ልጆች በጣም ስለሚወዷት ያለ እሷ አይበሉም። ለበዓል ሽቶ ገዙላት።

«አቦ ታድላ» ትላለች ነጅሚያ። «ወላሂ፣ እሷማ ጥሩ ሰው ስለሆነች ነው።»

ውሸቱን ስትናገር የትናየትን ደስ ይላታል። ለትንሽ ጊዜ እህቷ እንደ ድሮዋ ሆና፣ ንጹሕ ክፍል ውስጥ ስትስቅ ትታያታለች። ቤት ስትገባ ግን ጓዳው እንደጨለመ ነው፤ እህቷ ጠባሳዋን የምትቀባው ቅባት ሽታም እንዳለ ነው።

*

አጥሩ ያለቀው አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። የትናየት ባዶ የማዳበሪያ ጆንያዎችን ቀድዳ እርስ በርስ ሰፍታቸው፣ ከአጠናው ጋር በሲባጎ አጥብቃ አሰረቻቸው። ከሥሩ ቅንጭቡን በመስመር ተከለችው። ገና ጣት የሚያህል ነው። ከቆርቆሮ ቁራጭ በር ሠራችለት። የሚያምር ነገር አልነበረም፤ ንፋስ ሲነካው ጆንያው ይንኮሻኮሻል። ግን ከጓዳው በር ላይ ሆኖ ለሚያይ መንገዱ የለም።

እሑድ ጠዋት እናታቸው ቤተ ክርስቲያን እያለች ሙሉሃብት ወጣች። በመጀመሪያ በሩ ላይ ቆመች። ቀጥሎ ግድግዳውን እየተደገፈች ሄዳ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ አወረደችው። ከጥር ወዲህ በቀን ብርሃን ውጭ ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። መንገድ ላይ የሰዎች ኮቴ ሲሰማ ትደነግጣለች፤ ኮቴው ሲያልፍ ደግሞ ትንፋሿን ትለቃለች።

«አያዩኝም፣ አይደል?»

«አያዩሽም።»

«ወጥተሽ እስኪ እይልኝ።»

የትናየት መንገዱ ላይ ወጥታ ወዲያና ወዲህ ሄደች። ነጭ ጆንያ ብቻ ነው የሚታየው። ተመልሳ «ምንም» አለቻት። ሙሉሃብት በደህነኛው የፊቷ ወገን ፈገግ አለች።

«ማበጠሪያ አምጭ» አለች። «በዚህ በኩል ያለውን ጸጉሬን አበጥሪልኝ። በዚያ በኩል አትንኪኝ።»

የትናየት ማበጠሪያውን ይዛ ስትንበረከክ ከመንገዱ ነጅሚያ ተጣራች።

«የትናየት። የቱ ጋ ነሽ? ደግሞ አጥራችሁን መቼ አጠራችሁ?»

ሙሉሃብት ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣለች። የትናየት ዘላ ተነስታ የቆርቆሮውን በር ከፍታ ወጣችና ከኋላዋ ገጠመችው።

ነጅሚያ ዓይኗ ቀልቷል። «ሂንድ ልትሄድ ነው» አለች።

ሂንድ የነጅሚያ ታላቅ እህት ናት። «የት ነው የምትሄደው?»

«እትዬ ሙሉ ያለችበት። የሚወስዳት ሰው ተገኝቷል። እናቴ ከትናንት ጀምሮ እያለቀሰች ነው። ሂንድ ግን አንች የነገርሽኝን ሁሉ እየነገረች ታጽናናታለች። ክፍሉን፣ ልጆቹን፣ ሽቶውን።» ነጅሚያ ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች። «እኔ ግን ፈራሁ። እስኪ እውነቱን ንገሪኝ። ጥሩ ነው አይደል?»

ከጆንያው ወዲያ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ እህቷ ተቀምጣለች። የትናየት የሰሌኑን መንኮሻኮሽ ሰማች። አሁን መናገር ትችል ነበር። አፏን ከፈተች።

«ጥሩ ነው» አለች። «እትዬ ሙሉ በደህና ነው ያለችው። አትፍሪ በያት።»

ነጅሚያ አቅፋት ሄደች። የትናየት ስትመለስ ሰሌኑ ባዶ ነው። ማበጠሪያው መሬት ላይ ወድቋል።

ጓዳ ገባች። ሙሉሃብት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች።

«ጥሩ ቤት ነው የገባሁት?» አለች ሳትዞር።

የትናየት አጠገቧ ተቀመጠች።

«ልጆቹስ? ስንት ናቸው?»

«እትዬ፣ ምን ልበል? ሁሉም ሲጠይቀኝ… አፍሬ ነው።»

«በእኔ ነው ያፈርሽው?»

ሙሉሃብት መላ ሰውነቷን አዙራ ተቀመጠች።

«ሂንድን አምጫት» አለች።

«እዚህ? ታይሽና?»

«ትየኝ።»

«ሰው ሁሉ ያውቃል። እማዬ…»

«እማዬን ተያት። አምጫት ነው የምልሽ።»

*

ሰኞ ዕለት የትናየት ለነጅሚያ ልትነግራት ወስና ሄደች። የሒሳብ ፈተና ነበርና ከፈተናው በኋላ አለች። ከፈተናው በኋላ ደግሞ ሌሎች ልጆች አብረዋቸው ነበሩ። ማክሰኞም አልሆነም። በየቀኑ አንድ ምክንያት አይጠፋም። ቤት ስትገባ ሙሉሃብት «ነገርሻት?» ትላታለች፤ «ዛሬ አልመጣችም» ትላለች። ይህም ሌላ ውሸት ነው። ከዚያ ሙሉሃብት መጠየቋን ተወች። ያ ደግሞ ከጥያቄው ባሰባት።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ነጅሚያ ዳቦዋን ለሁለት ገምሳ ግማሹን ሰጠቻት። የትናየት ዳቦውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እህቴ እዚህ ናት» አለች። «እዚያ አይደለችም። ቤት ነው ያለችው፤ ከጥር ጀምሮ።»

ነጅሚያ ቀልድ መስሏት ፈገግ ብላ ጠበቀች። የትናየት ቀጠለች። ስለ ዘይቱ፣ ስለ አንገቷ፣ ስለማይከደነው ዓይኗ ነገረቻት። ነጅሚያ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። ዳቦው እጇ ውስጥ ተፈረፈረ።

«ክፍሉስ? ሽቶውስ?»

«ውሸት ነው።»

«እሑድ ዕለት እኮ ጠየቅሁሽ» አለች ነጅሚያ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አልቅሼ ነው የጠየቅሁሽ።»

«አውቃለሁ።»

ነጅሚያ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «ሂንድ ነገ ጠዋት ነው የምትሄደው» አለች።

ቀሪውን ክፍለ ጊዜ ትተው ሮጡ።

ሂንድን ይዘው ሲመጡ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። አዲስ ጫማ አድርጋለች፤ ለመንገድ የተገዛ ነው። ሙሉሃብት ጓዳ ውስጥ አልጠበቀቻትም፤ ወጥታ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች። ሂንድ ስትገባ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አነሳችና ብርሃኑ በደንብ እንዲያርፍባት ፊቷን አዞረች።

«ያ አላህ» አለች ሂንድ በሹክሹክታ፤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አትሂጅ» አለቻት ሙሉሃብት። «ሌላ የምልሽ የለኝም። አይተሽኛል።»

ሂንድ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ነጅሚያ ትከሻዋን ይዛታለች። የትናየት በሩ አጠገብ ቆማ ለቅሶው ሲያልቅ «እሺ፣ አልሄድም» እስክትል ትጠብቃለች።

«ያንችን የመሰለ ቤት አይገጥመኝ ይሆናል» አለች ሂንድ በመጨረሻ።

«እኔም ስሄድ እንዲያ ብዬ ነበር።»

«ባለፈው ወር ብሰማው እቀር ነበር። ወላሂ እቀር ነበር።» ወደ የትናየት አላየችም። «አሁን ስሜ ለደላላው ተላልፏል። መኪናው ነገ ይመጣል። የአባቴ ሱቅ ከተዘጋ ቆየ፤ ቤቱ የሚጠብቀው እኔን ነው። ብቀርስ እዚህ ምን አለኝ፣ እትዬ ሙሉ?»

ሂንድ ተነስታ ጎንበስ ብላ የሙሉሃብትን ደህነኛ ጉንጭ ሳመችና ወጣች። ከገበያ የተመለሰችው ዓይናዲስ በሩ ላይ አገኘቻት። የሙሉሃብትን የተገለጠ ፊት አየች፤ የሂንድን ዓይን አየች፤ የተሸከመችውን የጌሾ ዘንቢል አውርዳ እዚያው ተቀመጠች። ማንንም አልተቆጣችም።

በማግስቱ ሂንድ ሄደች።

*

ወሬው የወጣው በክፋት አልነበረም። የነጅሚያ እናት እያለቀሱ ለአንዲት ጎረቤት ነገሩ፤ ጎረቤቷም ለሌላ። የገበያ ቀን መንገደኛው እነ ዓይናዲስ ቤት ጋ ሲደርስ እርምጃውን መቀነስ ጀመረ። ከጆንያው ወዲያ «ይኸ ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል። «ምስኪን» ይላሉ፤ ከንፈር ይመጥጣሉ፤ ይቆማሉ። አንድ ቀን ሙሉሃብት ሰሌኑ ላይ እንዳለች ጆንያው ላይ የልጅ ጣት የምታህል ቀዳዳ ተከፈተች፤ በቀዳዳዋ ውስጥ ዓይን ነበር። ሙሉሃብት ተነስታ ገባች። በሩን ከውስጥ ሸጎረችው። ከዚያ ወዲህ አልወጣችም።

የትናየት ቀዳዳውን ሰፋችው። ሌላ ተቀደደ። እሱንም ሰፋችው። ከቅንጭቡ ገሚሱ ከሥሩ በስብሶ ወደቀ፤ የተረፈውም ሥር ይስደድ አይስደድ ገና አይለይም። ጋሻዬ ከሙጃ ሲመለስ አጥሩን ዞር ዞር ብሎ አየና «ጥሩ ነው የሠራሽው» አላት። ከዚያ እንደ ልማዱ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

ነጅሚያ ወንበር ቀየረች። አልተሳደበችም፣ አላኮረፈችም፤ ደብተሯን ይዛ ሄዳ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። የሂንድ ስልክ ከሄደች ጀምሮ እንደማይሠራ የትናየት የሰማችው ከሌሎች ልጆች ነው።

የክፍል ፈተና ባለቀበት ሰሞን አንዲት ልጅ የቆርቆሮውን በር አንኳኳች። ገለቴ ትባላለች፤ ከየትናየት አንድ ክፍል ትበልጣለች፤ ከፍላቂት መጥታ ዘመድ ቤት ተቀምጣ የምትማር ልጅ ናት። ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ቆመች።

«ይቅርታ» አለች። «እህትሽን ባያት ብዬ ነው። እኔም ክረምት ላይ ልሄድ አስቤ… ሰው ሁሉ ‹መጀመሪያ እሷን ሄደሽ እያት› ይለኛል።»

የትናየት ወደ ቤቱ ዞረች። በሩ ዝግ ነው። ከውስጥ ድምፅ የለም፤ ግን እህቷ ነቅታ እንደምትሰማ ታውቃለች። «እዚህ የለችም» ማለት ቀላል ነበር። በሩን አንኳኩቶ «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ማለትም ይቻል ነበር። ሙሉሃብት እሺ ትል ይሆናል። ነጠላዋን አንስታ ፊቷን ወደ ብርሃኑ ታዞር ይሆናል፤ ገለቴም አልቅሳ፣ ጉንጯን ስማት ትሄድ ይሆናል።

የትናየት ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገጠመችው።

«እህቴ አትታይም» አለች።

ገለቴ አፍራ ለመሄድ ዞረች።

«ቆይ። እኔ እነግርሻለሁ። ሁሉንም አውቀዋለሁ።»

መንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ለገለቴ ቦታ ለቀቀችላት። ሁለት ሴቶች እንስራ አዝለው እየወጡ ነበርና ወደ እነሱ እያዩ አለፉ። የትናየት እስኪያልፉ አልጠበቀችም፤ ድምፅዋንም አልቀነሰችም።

«ዘይት ነው» ብላ ጀመረች። «የፈላ ዘይት። የደፋችባት የቤቱ እመቤት ናት። ለሰው ግን ሌላ ነገር ነበር የምናገረው፤ እሱንም እነግርሻለሁ።»